ነርቩ የተጎዳ ጥርስ ሳይነቀል እንዴት እንደሚታከም

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር እንቅልፍ የነሳ ጥርስ ሲገጥም ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ማስነቀልን ነው፤ ይሁን እንጂ ሥሩና ዙሪያውን ያለው አጥንት ጥርሱን መሸከም እስከቻሉ ድረስ፣ ሩት ካናል በሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና ብዙውን ጊዜ ማትረፍ ይቻላል። ሕክምናው የሚያስፈልገው በጥርሱ ውስጥ ያለው፣ ነርቭና የደም ሥር የያዘው ለስላሳ ክፍል በጥልቅ መቦርቦር ወይም በስንጥቅ ሳቢያ ሲቆጣ ወይም ሲሞት ነው። ቀዝቃዛ ከጠጡ በኋላ ቶሎ የማይለቅ ሕመም፣ ሌሊት በራሱ የሚነሣ ጥዝጣዜ፣ በድድ ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሕመሙ በድንገት ቢጠፋ ጥርሱ ድኗል ማለት አይደለም፤ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ወደ ሞተው ነርቭ ደም ስለማይደርስ መድኃኒቱም አይደርስም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ጥርሱን መርምሮ ራጅ ያነሣል። በዚህ ጊዜ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም፣ እርግዝና፣ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የማይስማማዎት ካለ ሳይጠየቁም ይንገሩት፤ ዋጋውንም ሲጠይቁ ጥርሱን እስከሚያለብሰው የመጨረሻ ሽፋን (ክራውን) ድረስ ያለውን ድምር ይጠይቁ።

ቀጥሎ ማደንዘዣ ይወጋል። በጣም የተቆጣ የታች መንጋጋ ጥርስ በአንድ መርፌ ላይደነዝዝ ስለሚችል፣ ሕመም ከተሰማዎት እጅዎን አንሥተው ተጨማሪ እንዲሰጥዎት ማድረግ እንጂ ችሎ መቀመጥ ጀግንነት አይደለም። ከዚያም ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱ በስስ ላስቲክ ይከለላል፤ አናቱ ተከፍቶም የተበላሸው ክፍል በቀጫጭን መሣሪያዎች ይጠረጋል። የሥሩ ርዝመት በራጅ ወይም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይለካል፤ በሥሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ቦይም ከበረኪና ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ባለው፣ ለሕክምና በተዘጋጀ ፈሳሽ ደጋግሞ ይታጠባል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ሲኖረው መንጋጋ 3 ወይም 4 ስለሚኖረው፣ የመንጋጋ ሥራ ረዘም ይላል፤ ሌላ ቀጠሮም ሊጠይቅ ይችላል። በመካከሉ ጥርሱ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል፤ በመጨረሻ የጸዳው ቦይ ጉታ ፔርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገር ይሞላል።

ማደንዘዣው እስኪለቅ ጥቂት ሰዓታት ስለሚፈጅ እስከዚያ ድረስ ከምግብና እንደ ሆጃ ካለ ትኩስ መጠጥ መታቀብ ይገባል፤ ምላስንና ጉንጭን ሳያውቁ መንከስና ማቃጠል ቀላል ነው። በእኛ አካባቢ ግን የሚከብደው ትእዛዝ ሌላ ነው፦ ጊዜያዊ ሙሌት ባለበት ጎን ጫት መቃም ሙሌቱን ሊያነሣው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል፤ አብሮ የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳም ለሌሎቹ ጥርሶች ጠንቅ ነው። ከቻሉ ሕክምናው እስኪያልቅ ጫቱን ይተዉት።

ለጥቂት ቀናት ሲነክሱበት ቢያም የሚጠበቅ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው ማስታገሻ ይበቃል። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ብዙ ታካሚ ሕመሙ ሲቆም ይቀራል፤ በእኔ እይታ ትልቁ ብክነት ይህ ነው። ጊዜያዊው ሙሌት ካረጀ ባክቴሪያ ተመልሶ ይገባል፤ ያልተሸፈነ መንጋጋም በማኘክ ኃይል ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ቋሚ ሙሌቱንና ሽፋኑን በሳምንታት ውስጥ ማሠራት፣ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜም አጥንቱ መዳኑን በራጅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።