ሳነቴን በአንድ ቀን ለማየት ላሰባችሁ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን የሳነቴ አምባ በአንድ ቀን ለማየት ከሆነ አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ፎርዊል ተከራዩ፣ ወጪው ይቀላል ጫጫታውም ያንሳል። በዶዶላ በኩል ከመጣችሁ ዲንሾ መንገዳችሁ ላይ ስለሆነ የፓርኩን ክፍያ እዛው ጨርሱ፣ የደጋ አጋዘኑንም እግረ መንገዳችሁን እዩ፣ ከዛ ጎባ እደሩና በማግስቱ በጠዋት ወደ ሳነቴ ውጡ። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ ማታ አይደለም የሚያድነው፣ ፍልፈሉ ቀን ስለሚወጣ እሱም ቀን ነው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ጆሮውን ቀስሮ ሲጠብቅ በደንብ ታዩታላችሁ። ቦታው ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጃኬትና ኮፍያ የግድ ነው፣ ከመኪና ስትወርዱም አትሩጡ ትንፋሽ ያጥራል። እባካችሁ ሹፌሩን ቀስ በል በሉት፣ እዛ መንገድ ላይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ያውቃል፣ ያሉትም በጣም ጥቂት ናቸው።