ዛፍ ላይ ሳትወጡ የዛፍ አናት ጉንዳኖችን እንዴት ማየት ይቻላል?

ጅማ ዙሪያ ቡና ውስጥ የሚሄድ ሰው ቀና ካለ ጉሬዛ ወይ ወፍ ፍለጋ ነው። ጉንዳን ሲባል ሁሉም መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። እኔ ግን ለጉንዳንም ቀና በሉ እላለሁ። ኤድዋርድ ዊልሰን የተባለው ዝነኛ የጉንዳን ተመራማሪ ፔሩ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ብቻ የተሰበሰቡትን ሲለያቸው 43 ዝርያ ሆነው አገኛቸው። የብሪታንያ ደሴቶች ተደምረው ያላቸው እንኳ ይህንኑ ያህል ነው! ጅማ ደጋማ ስለሆነች ያን ያህል አትጠብቁ፣ ከፍታ ሲጨምር የጉንዳን ዝርያ ይቀንሳል። የምታዩት ግን አያንስም።

ፔሩ ላይ የዛፉን አናት በፀረ ነፍሳት አጥነው ከላይ የረገፈውን ነበር የለቀሙት። እኛ ማንንም መግደል አያስፈልገንም። ሲባጎ፣ ጥጥ፣ አንድ ቆርቆሮ ቱና፣ ስኳር፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ጃንጥላ፣ ባትሪ እና ስልካችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ዛፍ ምረጡ። በለጠ-ጌራ ደን ድረስ መሄድ ከቻላችሁ እሰየው፣ ካልሆነ ግን ጥላ ዛፍ ያለው ማንኛውም የቡና ማሳ ይሆናል። ዋንዛ፣ ሰሳ ወይም ብርብራ ፈልጉ። ቅርንጫፎቻቸው የሚነካኩ ሁለት ሦስት ዛፎች ጎን ለጎን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል። ባለማሳውን አስፈቅዱ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ገብረ ጉንዳን መንገድ ላይ ከቆማችሁ ምልከታው እዚያው ያበቃል። ክረምቱን ተዉት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል።

ከዛ ግንዱ ጋ ቁሙና ዝም ብላችሁ እዩ። ቢያንስ አስር ደቂቃ። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ዋናው ነገር እዚህ ነው። ግንዱ የጉንዳኖቹ አውራ ጎዳና ነው። የሚወጡትንና የሚወርዱትን ለዩ፣ ሆዳቸውን አስተያዩ። ከላይ ጣፋጭ ፈሳሽ ጠጥታ የምትወርድ ጉንዳን ሆዷ ተወጥሮ ብርሃን ያሳልፋል፤ የምትወጣዋ ደግሞ ባዶ ናት። (የምታዩአቸው ሠራተኞች በሙሉ ሴቶች ናቸው፣ ስለዚህ "እሷ" ማለት ልክ ነው።) አሁን በአውራ ጣታችሁ መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጣችሁ ጥረጉ። ከላይም ከታችም የሚመጡት እዚያች ቦታ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ፣ አንቴናቸውን ያወዛውዛሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይሽከረከራሉ። መንገዱን የሚያውቁት በማሽተት ነው፣ እናንተ ደግሞ ሽታውን ጠርጋችሁታል። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ደፍራ ትሻገራለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል፣ መስመሩም ይመለሳል።

ስትነካ ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ እንደ ጊንጥ የምታነሳ፣ ሆዷም ከላይ ሲታይ የልብ ቅርጽ ያለው ጉንዳን ካያችሁ ክሬማቶጋስተር የሚባለው ወገን ናት። ቀና ብላችሁ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ፣ ካርቶን የሚመስል ጥቁር ቡናማ ነገር ፈልጉ። እንጨት አኝካ የሠራችው ቤቷ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ወደ ላይ ምግብ እንላክ። ሲባጎው ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ። ቋጠሮው ላይ ጥጥ እሰሩ፣ አንዱን በቱና፣ ቀጣዩን ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ ነክሩት፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ እስከ ጫፍ። የሲባጎውን ጫፍ አሸዋ በሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ እሰሩና ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ወርውራችሁ አሻግሩ፣ ከዚያ ጥጦቹ ግንዱንና ቅርንጫፉን እንዲነኩ አድርጋችሁ ሳቡት። እጃችሁ የማይበረታ ከሆነ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ንብ አናቢ ፈልጉ። ገመድ ማሻገር ይችልበታል፣ ጉንዳንም ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቀፎውን ከጉንዳን ለመጠበቅ ሥሩ አመድ የሚነሰንሰው እሱ ነውና። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ በቀስታ አውርዱትና እያንዳንዱን ጥጥ ቶሎ ቶሎ ፎቶ አንሱ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ጣፋጭ የሚሆነው። ፓናማና ፔሩ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ የዛፍ አናት ጉንዳኖች ወደ ፕሮቲን፣ መሬት ላይ ያሉት ደግሞ ወደ ጣፋጭ አዘንብለው ተገኙ። ምክንያቱ ምንድነው? ላይ ያሉት ስኳር ሞልቷቸዋል። ክሽክሽና ሌሎች የዛፍ ጭማቂ የሚመጥጡ ነፍሳት የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ እየጠጡ ነው የሚኖሩት፣ የሚያጥራቸው ፕሮቲን ነው። የእናንተ ዛፍ ላይስ? የላይኛው ቱናና የታችኛው ቱና ላይ የተሰበሰቡትን አወዳድሩ።

ማታ ከ2 ሰዓት በኋላም ተመለሱ። ባትሪውን ቀይ ፌስታል አልብሱት፣ ጉንዳን ቀይ ብርሃን ብዙም አታይም። ቀን ግንዱን የያዙት ገብተው ሌሎች፣ ብዙ ጊዜ ተለቅ ያሉት ካምፖኖተስ የሚባሉት፣ ተራ ይዘው ልታገኙ ትችላላችሁ።

ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካለ ጃንጥላውን ገልብጣችሁ ከሥሩ ያዙና ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ አድርጉት። የሚወድቀውን አይታችሁ መልሱት። አንዳንዶቹ ግን ጃንጥላው ላይ አይወድቁም። ጋቦን ውስጥ ካታውላከስ የሚባሉት ጉንዳኖች ሲወድቁ አየር ላይ ዞረው ወደዚያው ግንድ ተንሸራተው እንደሚያርፉ ታይቷል።

ከጥላው ሥር ያለውን ቡናም አትርሱ። ቅጠሉን ገልብጡ። ከደም ሥሩ አጠገብ የተለጠፉ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ነፍሳትና የሚጠብቋቸው ጉንዳኖች ካሉ፣ ጉንዳኖቹ ፈሳሹን ለማግኘት ሲሉ እየተንከባከቧቸው ነው። ገበሬ ይህን ሲያይ መርዝ ያስባል፣ ቅጠሉ ጥላሸት በመሰለ ሻጋታ ሲሸፈን ማንም ያስባል። ሜክሲኮ የቡና ማሳ ላይ የተደረገ ረጅም ጥናት ግን ሌላውን ገጽ አሳይቷል፤ ነፍሳቱን የሚጠብቁት አዝቴካ የተባሉ የዛፍ ጉንዳኖች የቡና ፍሬ በስታ የምትገባዋን ጥንዚዛም ያባርራሉ። ስለዚህ ከመርጨታችሁ በፊት ጉንዳኗ ምን እንደምትጠብቅና ምን እንደምታባርር ለሳምንታት ተከታተሉ እላለሁ። መርዙ ሁለቱንም አይለይም።

በመጨረሻ ካርታ ሥሩ። ዛፎቹን ወረቀት ላይ ክብ ክብ አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱ ላይ ቱናውን የወረረችውን ጉንዳን በቀለም ምልክት አድርጉ። ጋና የካካዎ እርሻዎች ውስጥ እንዲህ ሲሠራ ኃይለኛ ጉንዳኖች ዛፎቹን ተከፋፍለው እንደያዙ ታየ፣ ሁለት ኃይለኞች ብዙ ጊዜ አንድ ዛፍ አይጋሩም። ቅርንጫፎች የሚነካኩበት ቦታ ድንበር ነው፣ ጠብ ካለ እዚያ ታዩታላችሁ። የጥላ ዛፉ ሲገረዝ ድልድዩ ስለሚቆረጥ ካርታውን ከግረዛ በፊትና በኋላ ሥሩት፣ ቀኑንም ጻፉበት። ሲባጎውን ግን በፍጹም ዛፍ ላይ ትታችሁ እንዳትሄዱ፣ ወፍ ይጠልፋል፣ የተረፈው ቱናም ጦጣ ይጠራል።