ጎንደር ላይ ሥዕል ለማየት፦ ከፋሲል ግቢ አትጀምሩ

ሥዕል አያለሁ ብሎ ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ባዶ ግድግዳ አይቶ ይወጣል። የግንቡ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ የጎንደር ሥዕል ያለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይበቃል።

ቀን ምረጡ። ወር በገባ በ7 ሥላሴ ነው፤ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ደግሞ ክብረ በዓሉ ስለሆነ ለመሳለም እንጂ ሥዕል ለማጥናት አይመችም። በጾም ቀን ቅዳሴ ካለ ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ግድም ይቆያል፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። እሑድ ግን ጠዋቱ የቅዳሴ ነው። ከፋሲል ግቢ በባጃጅ ቅርብ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይያዙ። ወፍራም ካልሲም አይከፋም፤ ምንጣፍ ባለበት ቁንጫ አይጠፋም።

የኪስ መስታወት ያዙ። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ተደርድሯል፤ አንጋጦ የሚያይ ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይችልም። መሬት ተቀመጡና መስታወቱን ጭናችሁ ላይ አጋድሙት፣ ቁልቁል እያያችሁ ረድፍ በረድፍ ሂዱ። መላእክቱን ለመቁጠር አትድከሙ፤ የአንዱ ቅንድብና ዓይን ከጎረቤቱ እንዴት እንደሚለይ ማየቱ ይበልጣል። ከፀሐይ እንደገባችሁ ግን ምንም አይታያችሁም፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ቀለም ያደበዝዛል።

ለግድግዳው መስታወቱን መልሱት፣ ጽሑፉን ይገለብጠዋል። ከምሥራቅ ጀምሩ፦ ላይ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሥላሴ፣ ከአራቱ እንስሳ ጋር፤ ከሥራቸው ስቅለቱ። ቀጥሎ ዓይን ዓይን እዩ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ምሴተ ሐሙስ (የመጨረሻው እራት) ላይ ይሁዳን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

ከሥዕሉ አጠገብ ያለው ግእዝ አዘውትሮ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ «እንዴት እንደ…» ማለት ነው። «ዘከመ ተሰቅለ» ካለ እንዴት እንደተሰቀለ ያሳያችኋል። ከታች በግንባሩ የተደፋ ትንሽ ሰው ካያችሁ ሥዕሉን ያሠራው ነው፣ «ተማኅፀነ» የሚል ቃል ፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕድሜ ላይ ነው፤ የጠቆረውን ሁሉ አሮጌ ይለዋል። ነገሩ ወደ ተቃራኒው ያደላል። በፋሲለደስና በልጅ ልጃቸው በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የነበረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ቀለሙ ብሩህ፣ ጀርባው ልሙጥ ነው፤ የፊቱ ጥላ በመስመር ይሰጣል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ሁለተኛው ደግሞ ጠቆር ይላል፦ ሥጋው በጥላ ይድበለበላል፣ ጀርባው ከቢጫ ወደ አረንጓዴና ቀይ ይሸጋገራል፣ ልብሱ ከባሕር ማዶ የመጣ አበባማ ጨርቅ ይመስላል። የጧፍና የዕጣን ጭስ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ጠርዝ ጠርዙን ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ የጨርቅ ስፌት ታገኛላችሁ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ አይደለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ በሙጫ ተለጥፏል። ጣሪያ ሲያፈስ ሙጫው ይለቃል፣ ጨርቁ ያብጣል፤ ያበጠውን በጣት መጫን ቀለሙን ማርገፍ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ተላጦ ለመሄድም ይመቻል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ቅጂ ተካባቸው፤ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።

ጊዜ ከተረፈ ቁስቋም ውጡ፤ ኅዳር 6 ግን ንግሥ ነው። እዚያ ያለው የምንትዋብ ቤተ ክርስቲያን በድርቡሽ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ስለሆነ አሮጌ ሥዕል አትጠብቁ፤ የፈረሰው ቤተ መንግሥት ላይ ያለው የቀይ ድንጋይ ቅርጽ ግን ድካሙን ይክሳል።

የብራና ሥዕል የምትገዙ ከሆነ ወደ ብርሃን አንሡት፤ እውነተኛ ብራና የጠጉር ነጥብና የጅማት መስመር ያሳያል፣ ውፍረቱም አንድ ወጥ አይደለም። «ጥንታዊ ነው» ካሏችሁ ዋጋ አትጨምሩ። ውሸት ከሆነ በጭስ የጠቆረ አዲስ ሥዕል ነው፤ እውነት ከሆነ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል።