ዓሣዬ የት ገባ? ዘላይ የኮራል ዓሣ ስንይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

መጀመሪያ ያጣሁት ዓሣ ፋየርፊሽ ነበር፤ ከሌባ ጣቴ እምብዛም የማይረዝም፣ ከፊቱ ነጣ ብሎ ወደ ጅራቱ እንደ ፍም የሚቀላ። ድንጋይ ሥር ተደብቆ ይሆናል እያልኩ ሦስት ቀን ጠበቅኩት። በአራተኛው ቀን ከአኳሪየሙ ጀርባ ስጠርግ መጥረጊያው ጎትቶ አወጣው፤ እንደ ቋንጣ ደርቋል። የሚያናድደው ደግሞ አኳሪየሙ ክዳን ነበረው። የፓምፑ ገመድ እንዲያልፍ ብዬ ጥጉ ላይ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ቆርጬ ነበር። ከዚያ ሁሉ ስፋት መርጦ በእሷ ወጣ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ አብዛኛውን ሸፍኖ “ተከድኗል” ማለት። ክፍተቶቹን በእርሳስ ይፈትሹ፤ እርሳስ ካሳለፈ ቀጭን ዓሣም ያሳልፋል። በገመድና በቱቦ ዙሪያ፣ በማጣሪያው መውረጃ በኩል፣ ምግብ በሚጨመርበት ቀዳዳ ሁሉ ይሞክሩት። የውሃውን ከፍታ ጥቂት ጣት ዝቅ ማድረግ ክዳንን አይተካም።

ሁለተኛው ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደንግጦ ሙሉውን በመስታወት መዝጋት። ሙቀት ይታመቃል፣ አየርም እንደ ልብ አይገባም። ለእኔ የተሻለው ቀለም የሌለው፣ ዓይኑ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ መረብ ነው። የመስኮት ወንፊት በሚወጠርበት የአልሙኒየም ፍሬም ላይ ወጥረው ይግጠሙት። የወባ ትንኝ መከላከያው ወንፊት ራሱ ግን አይሆንም፤ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለኮራሉ የሚደርሰውን ብርሃን ይቀንሳል፣ ጨውም ይጋገርበታል። በመረብ በኩል ውሃ ስለሚተን የጎደለውን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ይሙሉ። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ጨምረው ከሞሉ ጨዋማነቱ በየቀኑ ይወጣል። በጨው መለኪያው (የውሃው አንጻራዊ ጥግግት) 1.025 አካባቢ ይቆይ፤ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ገደማ።

“የእኔ ዓሣ ረጋ ያለ ነው፣ አይዘልም” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መዝለል የጠባይ ጉዳይ አይደለም። በባሕር ውስጥ የደነገጠ ዓሣ ወደ ላይ ቢወረወር ተመልሶ የሚወድቀው ውሃ ላይ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ግን የሚጠብቀው ምንጣፍ ነው። ዓመት ሙሉ ያልዘለለ ዓሣ አንድ ሌሊት ይዘላል። ፋየርፊሽ፣ ጎቢ፣ ጆፊሽና አንትያስ ሁሉ ለዚህ የታወቁ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን በእንግሊዝኛ “ራስ” (wrasse) የሚባለው የዓሣ ወገን አለ፤ ስሙ ከእኛ ማዕረግ ጋር ዝምድና የለውም፣ ኩራቱ ግን ያስታውሰኛል። የቀይ ባሕር ተወላጅ የሆነው ባለ ስምንት መስመር ፍላሸር ራስ ወንዱ ሴቶቹን ሊማርክ ሲፈልግ ክንፎቹን ዘርግቶ ሽቅብ ይወነጨፋል። ለዚህ ደግሞ ድንጋጤ እንኳ አያስፈልገውም።

መብራትን ቦግ ማድረግ ሌላው ነው፤ ጨለማ ለዘላይ ዓሣ ክፉ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንድ ሰው ውሃ ሊጠጣ ተነሥቶ የሳሎኑን መብራት ሲያበራ የተኛው ዓሣ እንደ ጥይት ይወጣል። የአኳሪየሙ መብራት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲበራና እንዲደበዝዝ ያድርጉ፤ ሌሊት ደብዘዝ ያለች ሰማያዊ መብራት ብትቀርም አይከፋም። መስታወት የሚያንኳኩ ሕፃናትን መገሠጽ የቤቱ ባለቤት ፋንታ ነው።

ብዙ ዓሣ የሚያልቀው ግን በጎረቤት ነው። ባለ ስድስት መስመር ራስን ወይም ዳምሰልፊሽን አስቀድሞ አስገብቶ ዓይን አፋሩን ፋየርፊሽ በኋላ ማምጣት ግቢውን ለጉልበተኛ አስረክቦ እንግዳ እንደ መጋበዝ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ፈሪው ይቅደም። አዲስ መጤውን ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሣጥን ውስጥ አድርገው ለጥቂት ቀናት እዚያው አኳሪየም ውስጥ ያቆዩት፤ እየተያዩ ይለማመዳሉ። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ፋየርፊሾችን በትንሽ አኳሪየም ማስቀመጥም አንዱን ወደ ወለሉ መሸኘት ነው።

መሸሸጊያ መንፈግም አለ። ፋየርፊሽ ሲደነግጥ የሚወረወርባት የራሱ ጉድጓድ ታስፈልገዋለች፤ ካጣት ሽቅብ ይሄዳል። ጆፊሽ አሥር ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው፣ ትናንሽ ስባሪ የተቀላቀለበት አሸዋ ይፈልጋል። ነብርማ ራሶች አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ስለሚያድሩ ደቃቁን ይስጧቸው እንጂ ሻካራ ጠጠር አያንጥፉላቸው። ዓሣ ለመያዝ ደግሞ በእጅ መረብ ማሳደድ ይቅርብዎት፤ ወጥመድ ይጠቀሙ።

ዓሣ ከጠፋ መጀመሪያ የማጣሪያውን መውረጃና ከታች ያለውን ገንዳ ይዩ፤ ከዚያ ወለሉን። ወለል ላይ ካገኙት ደግሞ ሞቷል ብለው አይቸኩሉ። አንድ ጊዜ የእኔ ፌሪ ራስ ሶፋ ሥር ተገኘ፤ ጎኑ ላይ የምንጣፍ ጸጉር ተለጥፎበታል፣ ጉንጩ ላይ ያለው መተንፈሻው ግን አሁንም ይከፈት ነበር። እጄን በአኳሪየሙ ውሃ አርሼ አነሣሁት፤ ጸጉሩን በዚያው ውሃ አለቅልቄ መለስኩትና መብራቱን አጠፋሁ። በጎኑ ተጋድሞ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን ከሌሎቹ ቀድሞ ነጠቀ፤ እኔም ያን ቀን ሥራ አርፍጄ ገመዱ ጋ ያለችውን ክፍተት በመረብ ስደፍን ዋልኩ።