የጭስ ማኒፎልድን አውጥቶ ሄደር መግጠም፦ ከምርጫው እስከ ሁለተኛው ማጥበቂያ

የሱሉልታ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ የሞተር ሕመም በማለዳ ይሰማል። የእኔ ኮሮላ ጠዋት ሲነሳ ከራዲያተሩ ጀርባ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማና ጥቂት ከሄደ በኋላ ዝም ይል ስለነበር የቫልቭ ድምፅ ነው ብዬ ለወራት አለፍኩት። በመጨረሻ የሙቀት መከላከያውን ላሜራ ፈትቼ ስመለከት የጭስ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚልከው ብረት) በሁለተኛውና በሦስተኛው ቧንቧ መካከል ተሰንጥቆ፣ የስንጥቁም ዙሪያ ጥላሸት ለብሶ አገኘሁት። ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ድምፁም ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይከፈታል። እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ቸል የሚባል አይደለም። ጭሱ ጠረንና ቀለም የሌለውን መርዘኛ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ መኪናው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ በስንጥቁ የሚሳበው የውጭ አየር የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን መሣሪያ፣ ስለሚያሳስተው የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚን የጎደለ መስሎት ይጨምራል፤ የእኔ መኪና ነዳጅ የበላችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር።

የተሰነጠቀ ማኒፎልድን ማስበየድ ይቻላል፣ እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ማኒፎልዱ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) የተሠራ ስለሆነ በደንብ ሳይሞቅ ከተበየደና ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ካልተደረገ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። የእኔ የቆየው ሁለት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከቧንቧ የተሠራውን ሄደር ለመግጠም የወሰንኩት።

ከመግዛት በፊት ከሄደር ምን እንደሚጠበቅ ማወቅ ያስፈልጋል። የፋብሪካው ማኒፎልድ የአራቱን ሲሊንደር ጭስ በአጭር መንገድ ቶሎ ስለሚያቀላቅለው የአንዱ ሲሊንደር ግፊት የሌላውን መውጫ ይጫነዋል። ሄደር ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ረዘም ያለ ቧንቧ ሰጥቶ የሚያገናኛቸው ወደ ታች ሲወርዱ ነው፤ አንዱ ጭስ በፍጥነት ሲያልፍ ከኋላው የሚተወው ክፍተት ደግሞ የሚቀጥለውን ይስበዋል። ጥቅሙ እውነት ቢሆንም ምንም ባልተቀየረ ትንሽ ሞተር ላይ ጭማሪው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል፤ ይህን ጉድለት ሄደር አይመልሰውም። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን አቀበት አስቦ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ገንዘቡን በትክክለኛ ተስፋ ያወጣል።

አሠራራቸው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አራቱን ቧንቧ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የሚያመጣ ሲሆን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ይጠቅማል። ሁለተኛው አራቱን መጀመሪያ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ያመጣል፤ ይህም በመካከለኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል። ለከተማና ለአቀበት መንገድ እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሚገዙት ይህ ከሆነ የቧንቧዎቹን አጣመር ይመልከቱ፦ እሳት የሚነሳበት ተራ 1-3-4-2 በሆነ ሞተር አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር መጣመር አለበት። አንደኛውን ከሁለተኛው ጋር ያጣመረ ርካሽ ዕቃ ካዩ ይተዉት። የቧንቧው ስፋትም ከቴስታታው (ማኒፎልዱ ከሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) መውጫ ጥቂት ቢበልጥ ይበቃል፤ ሰፊ ቧንቧ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ቧንቧው ከመጠን በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይወርድና በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይቀንሳል።

ዕቃውን ሲያዩ በብልጭታው አይፍረዱ። እኔ መጀመሪያ የማየው ቴስታታው ላይ የሚያርፈውን ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት፣ ማለትም ፍላንጁን ነው። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቀጭን ከሆነ ሲበየድ ይጣመማል፣ ሲሞቅም ይብስበታል። ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ያለውን መስታወት ተውሰው ፍላንጁን በፊቱ ያስተኙትና በአንድ ጥግ ጫን ያድርጉት፤ ከተወዛወዘ ጠማማ ነው። ከዚያም ጣትዎን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ አዙረው የብየዳው ጉብታ ወደ ውስጥ ገብቶ የጭሱን መንገድ እንዳላጠበበ ይዳስሱ። የማይዝግ ብረት ዋጋው ቢከብድም ክረምቱ ለሚረዝምበት አካባቢያችን ይሻላል። ተራ ብረት የገዛ ሰው ደግሞ ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ባይጠቀልለው እመክራለሁ፣ ጨርቁ የዝናብ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ብረቱን ከሥሩ ያዝገዋል።

የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የአሮጌውን ማኒፎልድ ጋስኬት (በሁለቱ ብረቶች መካከል ገብቶ ጭስ እንዳያመልጥ የሚዘጋውን) ወይም በካርቶን ላይ የተነሳ ቅጁን ይዘው ይሂዱ፤ ለኮሮላ ይሆናል የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ኮሮላ የሚባሉ መኪኖች ብዙ ዓይነት ሞተር አላቸውና። የኦክስጅን ሴንሰሩንም አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ሴንሰራቸው በሁለት ትናንሽ ዳዶ የሚታሰር ሲሆን ገበያ ላይ ያሉት ሄደሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሚጠመዘዝ ሴንሰር የተበጀ ባለ ጥርስ ቀዳዳ አላቸው፤ አያያዡ ካልተመሳሰለ አስማሚ መፈለግ ወይም በያጅ ዘንድ መሄድ ግድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ከማኒፎልዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን አውጥቶ ባዶ ሄደር መግጠም የሞተር መብራት ያበራል፣ መርዙንም በቀጥታ ወደ ጎረቤት ይለቅቃል፤ እኔ አላደርገውም፣ እንዲደረግም አልመክርም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌ መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየታችን የማይቀር ስለሆነ ቀጥሎ የምጽፈውን ክፍል በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። የሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል አሮጌውን ዳዶ መፍታት ነው።

ማኒፎልዱ የሚታሰረው ቴስታታው ላይ ተተክለው በሚቀሩ፣ ሁለቱም ጫፋቸው ጥርስ ባላቸው ስታዶች ነው። እነዚህ ብረቶች ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ስለኖሩ ዳዶው ከስታዱ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሁለት ቀን በፊት ነው፦ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱን ዳዶ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማታና ጠዋት ይንፉበት። በሚፈቱበት ዕለት ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ ያህል አስነስተው ለብ ያድርጉት፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ከብረቱ ስታድ በእጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ጥርሱም ይላላል። ባትሪውን ያላቅቁ። ቁልፉ የግድ ባለ ስድስት ጎን ሶኬት ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለት ጎኑ የዛገ ዳዶን ጠርዝ ይበላዋል። መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ገፋ ያድርጉ፣ ትንሽ ጭርር ሲል ወደ መፍቻው ይመልሱ፣ ሩብ ዙር ፈትተው ግማሹን መልሰው ያጥብቁ፣ ዘይት ይጨምሩ፣ እንዲሁ ይቀጥሉ። ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ አጥልቆ በአንድ ጊዜ መጎተት የሰነፍ መንገድ ነው።

እኔ የተቀጣሁት በዚህ ነው። አራተኛው ዳዶ አልፈታ ሲለኝ ምሽቱ ስለቀረበና ዝናብ ስላስፈራራኝ ቧንቧ አጥልቄ ጎተትሁት። ቁልፉ መጀመሪያ እንደ ጎማ ለስለስ ብሎ ሄደ፤ ዳዶው የተፈታ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ግን ጣ ብሎ ተሰበረ፣ ስታዱም ከቴስታታው ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ቀረ። ያ ልስላሴ ብረቱ ሊበጠስ ሲል የሚሰጠው ምልክት ነው፤ እጅዎ ይህን ሲሰማ ወዲያውኑ ያቁሙ። ጥፋቴ በዚህ አላበቃም። በማግስቱ የተሰበረውን መሐሉን በስቼ የተሰበረ ብሎን ማውጫውን ሹል ብረት አስገብቼ ስጠመዝዝ እሱም ውስጡ ተሰበረ። ይህ መሣሪያ እጅግ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ተራ መብሻ አይበሳውም። ቴስታታውን ሙሉ በሙሉ አውርጄ ቶርኖ ቤት ወሰድሁት፤ የአንድ ቀን ሥራ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፣ የቴስታታ ጋስኬትም ተጨማሪ ወጪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያን መሣሪያ በዛገ ስታድ ላይ አልተጠቀምሁም።

ቶርኖ ቤቱ ውስጥ የተማርኩት የተሻለ መንገድ ይህ ነው። ስታዱ ጥቂት ወጣ ብሎ ከተሰበረ ሮንዴላ (ቀለበት መሳይ ጠፍጣፋ ብረት) ያጥልቁበትና በያጁ የስታዱን ጫፍ ከሮንዴላው ጋር ይበይደው፤ በላዩ ዳዶ አስቀምጦ እሱንም ከውስጥ ይሙላው። ብየዳው አሉሚኒየሙን አይዝም፣ ሙቀቱ ግን ዝገቱን ይሰብረዋል። ቅላቱ እስኪጠፋ ከጠበቁ በኋላ ዳዶውን ወደፊትና ወደ ኋላ እያሉ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። አንዳንዱ በመጀመሪያው፣ አንዳንዱ በሦስተኛው ብየዳ ይወጣል፣ ስለዚህ በያጁ አንዴ ሞክሮ እንዲሄድ አይፍቀዱለት። ከገጹ በታች የተሰበረውን ግን እቤት ከመታገል ይልቅ ቶርኖ ቤት ያድርሱት፤ የእጅ መብሻ ከጠንካራው ብረት ተንሸራቶ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላና ቀዳዳውን ያጠምመዋል። በእሳት ማሞቅ ካስፈለገም ነበልባሉ ዳዶው ላይ ብቻ ይረፍ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ቀድሞ ስለማይቀላ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። የረጩትንም ዘይት አስቀድመው ይጥረጉ።

ዳዶዎቹ ከተፈቱ በኋላ ያለው ቀላል ነው። መኪናውን በክሪክ አንስተው በጠንካራ ብረት ይደግፉ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይግቡ። ከታች የሚገናኘውን ቧንቧ ይፍቱ፣ ሴንሰሩን በገመዱ ሳይጎትቱ ያውጡ፣ ማኒፎልዱን ያንሱ። የቴስታታውን ገጽ የቀረ ጋስኬት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ያንሱለት፣ የመውጫ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ደፍነው ይሥሩ፣ ጨርቁን ማውጣት ደግሞ እንዳይረሱ። ስታዶቹ ሁሉ ቢቀየሩ እመርጣለሁ።

ጋስኬቱ በድርብ ብረት የተሠራው ይሁን። ቀዩን ሲልኮን መቀባት በብዙ ጋራዥ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ቦታ አይሆንም፦ ተራው ሲልኮን የሚችለው ከ300 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀት ሲሆን የሚወጣው ጭስ በጭነት ጊዜ ከ600 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሲልኮኑ የሚወጣውም ትነት ሴንሰሩን ያበላሻል። ገጹ ንጹሕ፣ ፍላንጁም ቀጥ ያለ ከሆነ ጋስኬቱ ብቻውን ይዘጋል።

ሄደሩን በስታዶቹ ላይ ካንጠለጠሉ በኋላ ሁሉንም ዳዶ፣ የታችኛውንም ማገናኛ ጨምሮ፣ በእጅ ብቻ ያስገቡ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የመጨረሻው ቀዳዳ አይገጥምለትም፤ በኃይል ካስገጠመውም ቧንቧው ተወጥሮ ይቀርና ከብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ሁሉም በነጻነት ከገባ በኋላ ከመካከለኛው ጀምረው ወደ ዳርና ዳር እየተፈራረቁ በሦስት ዙር በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ልኩን የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ይናገራል፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ስታድ በብዛት ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ነው። በስታዱ ጥርስና በሴንሰሩ ጥርስ ላይ ለሙቀት የተሠራ የመዳብ ቅባት በስሱ ይቀቡ፣ የሴንሰሩን ጫፍ ግን አያስነኩ። ሞተሩ ጋዝ ሲሰጥ ስለሚወዛወዝ በሄደሩና በማርሚታው መካከል ተጣጣፊ ማገናኛ ወይም ባለ ስፕሪንግ ብሎን መኖር አለበት፤ ከሌለ ያሠሩ። በቧንቧውና በሽቦ፣ በራዲያተር ጎማና በነዳጅ መስመር መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ።

ሞተሩን ሲያስነሱ መኪናው ደጅ ይሁን። ቅባቱና የእጅ አሻራው እስኪቃጠል ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ቢታይ አይደንግጡ። ቧንቧው ገና ሳይግል የሳሙና ውኃ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይንፉና አረፋ የሚያወጣውን ይፈልጉ፤ ረዳት ካለዎት የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለቅጽበት ይያዝልዎት፣ ትንሹ ቀዳዳ እንኳ ያፏጫል። ከዚያ እንደ ልብዎ ይንዱ፣ ሌሊቱን ያሳድሩትና በማግስቱ ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ዳዶዎቹን እንደገና በልካቸው ያጥብቁ። በእኔ መኪና ላይ ከአምስቱ ሦስቱ ላልተው ነበር። ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላም አንድ ጊዜ ደግሜ አየኋቸው፤ ያኔ አንድም አልተንቀሳቀሰም፣ በማለዳው ቅዝቃዜም ጠቅታው አልተመለሰም።