ጫማ ከፌስታል ወጥቶ ወረቀት ውስጥ ሲገባ የሚመጡ ጣጣዎችና መፍትሄያቸው

የቆዳ ጫማ እየሰራሁ ኦንላይን ነው የምሸጠው፣ ደምበኞቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ውጪ ያሉ ሀበሾች። በ2017 ዓ.ም ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ሲፀድቅ ጫማውን የምጠቀልልበትን ፌስታል ጭራሽ ተውኩትና ሁሉንም ነገር ወረቀትና ካርቶን አደረግኩት። ከዛ ወዲህ ያልገጠመኝ ጣጣ የለም፣ ግን አብዛኛው የወረቀቱ ጥፋት አልነበረም።

ችግር፦ ካርቶኑ ሲከፈት ጫማው ሻግቷል

ሶሉና ቆዳው በሚገናኙበት መስመርና ምላሱ ስር ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ታያላችሁ። ሰው ሁሉ "ፌስታል ቢኖረው አይሻግትም ነበር" ይላል፣ ተሳስቷል፣ ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል እንጂ አያደርቀውም። ቆዳ የአየሩ እርጥበት ከ65-70 ፐርሰንት ካለፈ ይሻግታል፣ ክረምት ላይ ደግሞ መጋዘን ውስጥ እዛ መድረስ ቀላል ነው። እኔ ጋ ግን ነሐሴ ላይ አንድ መደርደሪያ ላይ የነበሩ ካርቶኖችን ከፍቼ ሳይ ምን መሰላችሁ፣ የሻገቱት በተሰሩበት ቀን የታሸጉት ብቻ ናቸው፣ ፎርማ (ጫማው ቅርፅ የሚይዝበት የእግር አምሳያ) ላይ ያደሩት ንፁህ ነበሩ። ማለትም ጫማው ራሱ እርጥብ ሆኖ ነው የገባው።

ለማረጋገጥ የተጣጠፈ ደረቅ ሶፍት ጫማው አፍንጫ ውስጥ ከታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ስትነኩት ከለሰለሰ ጫማው አልደረቀም ማለት ነው። ከማስቲሽና ከቀለም በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ይደር፣ ፀሐይ ላይ አታድርጉት ቆዳው ይሰነጠቃል። ካርቶኑንም መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ጣውላ ከስሩ አድርጉና ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። የሻገተውን ደግሞ ውጪ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ ከዛ ግማሽ ውሃ ግማሽ አልኮል የነካ ጨርቅ፣ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ካርቶኑን መልሳችሁ እንዳትጠቀሙበት።

ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚጠጡ ፍሬዎች ያሉባት ትንሽ ከረጢት) አድርጌም ሻገተ የምትሉ፣ ከረጢቷን ጠረጴዛ ላይ ከፍታችሁ ነው የምታስቀምጧት አይደል? ሲሊካ እርጥብ አየር ውስጥ የራሷን ክብደት እስከ 40 ፐርሰንት ውሃ ትጠጣለች፣ ጠረጴዛው ላይ ጠጥታ ከጨረሰች ካርቶን ውስጥ ገብታ ምንም አትሰራም። ክዳኑ ግጥም የሚል ብልቃጥ ውስጥ አድርጓትና ስታሽጉ ብቻ አውጧት። ምን እንዳለበት ያልተፃፈበት የሻጋታ መከላከያ ከረጢት ግን አትንኩ፣ ዲሜቲል ፉማሬት የሚባለው ኬሚካል የሰው ቆዳ እያቃጠለ አውሮፓ በ2009 እ.ኤ.አ. አግዶታል።

ችግር፦ የታችኛው ካርቶን ተጨፈለቀ

ካርቶኑን ቁረጡና ጠርዙን እዩት፣ ሁለት ወረቀት መሃል ሞገድ የሚመስለው መስመር ከላይ ወደታች መቆም አለበት፣ አግድም ከተኛ ክብደት አይችልም። ማተሚያ ቤቱ ወረቀት ለመቆጠብ አዙሮ ቆርጦልኝ መቶ ካርቶን ከስሬያለሁ። ሌላው ድርደራ ነው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ማዕዘኑ ስለሆነ እንደ ጡብ እያቆላለፋችሁ አትደርድሩ፣ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይሁን። ድጋሚ የተመረተ ካርቶን ደግሞ ክሩ አጭር ነው፣ እርጥበት ሲነካው ቶሎ ይልፈሰፈሳል፣ ስለዚህ ትንሽ ወፈር ያለ እዘዙ።

ችግር፦ የጫማው ውስጥ ጠቆረ

ጋዜጣ ነው። ቤዥ ገበር ያለው ጫማ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ስትጠቀጥቁ ቀለሙ ይለቃል። ያልታተመ የወረቀት ቁራጭ ማተሚያ ቤቶች ጋ ይተርፋል፣ ጠይቁ።

ችግር፦ "ይበሰብሳል" የተባለው ከረጢት አልበሰበሰም፣ ወይ መደርደሪያ ላይ ተሰነጣጠቀ

ሁለቱም አንድ ላይ ይደርሳል፣ ያስቃል። ከፒኤልኤ (ከበቆሎና ከመሳሰሉት ዕፅዋት ከሚወጣ ላስቲክ) የተሰራ ከረጢት በደንብ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው፣ ጓሮ ብትቀብሩት ለረጅም ጊዜ እዛው ነው። መጋዘን ውስጥ ግን ሙቀትና እርጥበት ቀስ እያለ ያደክመዋል፣ ዓመት ካስቀመጣችሁት ስትስቡት ይቀደዳል። ከሌላ ላስቲክ ጋር ሪሳይክል እንዲገባ አታድርጉ፣ ያበላሸዋል። እኔ ትቼዋለሁ፣ ስስ ወረቀት ይበቃል።

ችግር፦ የወረቀት ስኮች ይላቀቃል

ውሃ የሚነካው ዓይነት ከሆነ በጣም እያራሳችሁት ነው፣ ሙጫው ይታጠባል። በእርጥብ ስፖንጅ አንዴ ብቻ አሹት፣ የካርቶኑን አቧራ ጥረጉ፣ ለጥፋችሁ በመዳፋችሁ እስከ አስር እየቆጠራችሁ ጫን አድርጉት።