በቻይንኛ ፈሊጥ ሰውንና ሁኔታን ስንገልጽ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቸንግዩ የሚባሉት የቻይንኛ ፈሊጦች አብዛኞቹ አራት ፊደል ብቻ ናቸው። ከጥንት ጽሑፍ፣ ከግጥም ወይም ከታሪክ መዝገብ ወጥተው እንዳሉ የቀሩ ስለሆኑ አንድን ሰው፣ ጠባይን ወይም ሁኔታን በአራት ድምፅ ቅልብጭ አድርገው ይገልጻሉ። ቋንቋውን በዩኒቨርሲቲ የሚማሩም ሆኑ ዱከም ባሉት የቻይና ፋብሪካዎች የሚያስተረጉሙ ወገኖች የሚሰናከሉት ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን ባለማወቅ አይደለም፤ ትርጉሙንማ ሸምድደውታል። የሚቸግራቸው ፈሊጡ ለማን እንደሚባል፣ ማን እንደሚለው፣ ምስጋና ይሁን ነቀፋ፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥም የት እንደሚገባ መለየቱ ነው። ቻይናውያን ተማሪዎች ራሳቸው ጋውካው በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በዚሁ ነገር ስለሚፈተኑ፣ የውጭ ተማሪ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ስህተቶቹ ግን ተደጋጋሚ ናቸው፤ ለይቶ ያወቃቸው ሰው ይጠነቀቃቸዋል።

ምስጋናና ነቀፋን ማምታታት

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቀይመው ይሄ ነው። እኛ «አንደበተ ርቱዕ» ስንልና «አፈ ጮሌ» ስንል ሁለቱም የንግግር ችሎታን ይናገራሉ፤ አንዱ ግን ያስከብራል፣ ሌላው ያስጠረጥራል። ቻይንኛም እንዲሁ ነው። ነንግ የን ሻን ቢየን ማለት መናገር የሚችል፣ ክርክር የሚያውቅ ማለት ነውና ጠበቃ ቢባልበት ደስ ይለዋል። ዮው ዙዌይ ኋ ሸ ደግሞ ቃል በቃል ቅባታም አፍ፣ የሚያዳልጥ ምላስ ነው። ይህን ለሻጭ ወይም ለአማች ብለው «ተጫዋች ነህ ማለቴ ነው» ቢሉ ማንም አይሰማዎትም።

ብልሃትን የሚገልጹትም ሁለት ናቸው። ዙ ጅ ዱዎ ሞው ጥበብ የሞላው፣ ዘዴ የማያጣ ሰው ይመሰገንበታል። ጉዌይ ጂ ዱዎ ዷን ግን ተንኮሉ አያልቅም ማለት ነው። ሁለቱም ውስጥ «ዱዎ»፣ ማለትም «ብዙ»፣ ስላለ ለጀማሪ ይመሳሰሉበታል። አለቃዎን በስብሰባ ላይ ለማሞገስ ሁለተኛውን ካነሱ አዳራሹ ጸጥ ይላል።

ሃው ሃው ሺየንሸንግ የሚለው በተለይ አታላይ ነው። «ሃው» ጥሩ፣ «ሺየንሸንግ» አቶ ስለሆነ ተማሪው «ደግ ሰው» ብሎ ይይዘዋል። በእውነቱ ግን ማንንም ላለማስቀየም ሲል ለሁሉም እሺ የሚል፣ እውነቱን የሚውጥ ሰው ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ የነበረው ሲማ ሁዌይ የተባለ ሊቅ ምንም ቢነግሩት «ጥሩ» ይል ነበር፣ ልጁ ለሞተበት ሰው እንኳ «በጣም ጥሩ» ብሎ መለሰለት ይባላል። ስያሜው የመጣው ከዚህ ነው። እርጋታውንና ደግነቱን ለሚያከብሩለት ሰው ፈጽሞ አይበሉት።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት ትልልቅ ሰዎችንም አይምርም። ቺንግ ጁ ናን ሹ ማለት «ቀርከሃው ሁሉ ቢያልቅ ተጽፎ አይዘለቅም» ነው፤ ወረቀት ሳይስፋፋ ይጻፍ የነበረው በቀርከሃ ሰሌዳ ላይ ነበርና። ብዛትን የሚገልጽ ቢመስልም የሚባለው ለወንጀልና ለግፍ ብዛት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታይዋን ፕሬዚዳንት የነበሩት ቼን ሹይ-ቢያን የበጎ ፈቃደኞችን አስተዋጽኦ በዚህ ፈሊጥ አሞገሱና ትልቅ ክርክር ተነሳ።  ብዛት ያለው መልካም ሥራ ለማመስገን ከፈለጉ ፈሊጡን ትተው «ቆጥረን አንጨርሰውም» በሚል ተራ አነጋገር ይበሉት።

ጅ ሾው ከ ረ ደግሞ «ቢነኩት እጅ ያቃጥላል» ነው። የታንግ ዘመኑ ባለቅኔ ዱ ፉ የያንግ ቤተሰብን የቤተ መንግሥት ትዕቢት ለመንቀፍ የተጠቀመበት ቃል ነው። ዛሬ ጋዜጦች ለተፈላጊ ዕቃና ለገበያ ሲያውሉት ይታያል። ለባለሥልጣን ከተባለ ግን የድሮው ጥላው አለበት፤ ሰው ላይ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ፊደሎቹን ብቻ አይቶ ትርጉም መገመት

ቻ ቺያንግ ረን ዪ ውስጥ «ቻ» አለ። ተማሪ የሚያውቀው «ቻ» በአራተኛው ቶን (ቃሉ በሚባልበት የድምፅ ከፍታና ዝቅታ) ሲነበብ «መጥፎ» ወይም «የጎደለ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ፈሊጡን «የማያረካ» ብሎ ይተረጉመዋል። ተቃራኒው ነው ትክክሉ፦ «በመጠኑ የሚያረካ፣ ደህና ነው የሚባል»። እዚህ ላይ «ቻ» በአንደኛው ቶን ነው የሚነበበው፣ ትርጉሙም «በመጠኑ» ነው፤ «ቺያንግ» ደግሞ ማበርታት፣ «ረን ዪ» የሰው መንፈስ ነው።

ምንጩን ያወቀ ሰው አይሳሳትም። የምሥራቅ ሃንን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ንጉሠ ነገሥት ጓንግዉ ጦርነት ሳይቀናው ሲቀር የጦር አለቆቹ ልባቸው ይሸበር ነበር። ዉ ሃን የተባለው ጄኔራል ብቻ መሣሪያውን እያሰናዳ ወታደሮቹን ያበረታ ነበር። ንጉሡ «ዉ ሃን ምን እያደረገ ነው?» ብሎ ሰው ልኮ አስጠየቀ። የጦር መሣሪያ እያበጀ መሆኑን ሲነግሩት «እሱስ የሰው መንፈስ ያነሣል» አለ። ንጉሡ እያመሰገነ እንጂ እያማረረ አይደለም። እንግዲህ የሠራተኛ ምዘና ላይ «ውጤቱ ቻ ቺያንግ ረን ዪ ነው» ተብሎ ከተጻፈ ሰውየው አልፏል ማለት ነው፤ አስተርጓሚው «አላረካንም» ብሎ ከተረጎመው የሰው እንጀራ ላይ ይፈርዳል።

ሺን ኳን ቲ ፓን ሌላው ነው። የመጨረሻው ፊደል በተለምዶ «ፓንግ» ተብሎ ሲነበብ «ወፍራም» ነው፤ በዚህ ፈሊጥ ውስጥ ግን «ፓን» ተብሎ በሁለተኛው ቶን ይነበባል፣ ትርጉሙም «የተዝናና» ነው። ልቡ ሰፊ የሆነ ሰው አካሉም ያርፋል ለማለት ነው የተጻፈው። ዛሬ ብዙ ቻይናውያን ራሳቸው «ሐሳብ የለበትም፣ ስለዚህ ወፈረ» ለማለት ይጠቀሙበታል። ሰው በውፍረቱ እየተቀለደበት መስሎት እንዳይከፋ፣ በተለይ ለሴት ሲናገሩ፣ ባያነሱት ይመረጣል።

ቺ ዩዌ ሊዩ ሁዎ ቃል በቃል «በሰባተኛው ወር እሳት ይፈስሳል» ነው። በሐምሌ ሙቀት ሰው እየተቃጠለ ለእንግዳ ሰላምታ ሲባልበት ይሰማል። «እሳት» ግን እዚህ የኮከብ ስም ነው፤ አንታሬስ የምንለው ቀይ ኮከብ። በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ላይ ይህ ኮከብ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ሲጀምር በጋው አለፈ፣ ቅዝቃዜ መጣ ማለት ነው። ፈሊጡ የወጣበት የጥንት ግጥም ቀጣይ ስንኝ በዘጠነኛው ወር ለብርድ የሚለበስ ልብስ ስለማደል የሚናገረው ለዚህ ነው።

ሁለት አጫጭሮችን ልጨምር። ዋን ረን ኮንግ ሺያንግ «አሥር ሺህ ሰው፣ ባዶ መንደር» ነው፤ ሰው ሁሉ ከየመንደሩ ወጥቶ አደባባይ ሞላ ማለት እንጂ ሁሉም ቤቱ ቴሌቪዥን እያየ መንገዱ ጭር አለ ማለት አይደለም። ሾው ዳንግ ቺ ቾንግ ደግሞ «በቅድሚያ» ማለት አይደለም፤ ጥቃቱ ወይም ጉዳቱ መጀመሪያ የደረሰበት ማለት ነው። «ሾው ዳንግ ቺ ቾንግ መሥራት ያለብን ሥልጠና ነው» የሚል ሪፖርት ሥልጠናውን የመከራ ተቀባይ ያደርገዋል።

ለማን እንደሚባል አለመጠየቅ

ሺያንግ ጂንግ ሩ ቢን «እንደ እንግዳ መከባበር» ነው። ትርጉሙን ብቻ ያየ ሰው ለሁለት የሥራ ባልደረቦች ይለዋል። ይህ ፈሊጥ ግን የባልና ሚስት ነው፤ ለባልደረቦች ከተባለ ሰሚው ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ቺንግ መይ ጁ ማ («አረንጓዴ ፕለም፣ የቀርከሃ ፈረስ») ከሊ ባይ ግጥም የመጣ ሲሆን አብረው ያደጉ ወንድና ሴት ልጅን ነው የሚገልጸው። ሁለት ወንድ አብሮ አደጎች በዚህ አይጠሩም።

ዶው ኮው ኒየን ኋ የልጃገረድ ዕድሜ ነው፤ ያውም 13 እና 14 ዓመት አካባቢ። የታንግ ባለቅኔ ዱ ሙ አሥራ ሦስት ያለፋትን ልጅ በካርዲሞም እንቡጥ መስሎ ጽፏልና። ለሃያ አምስት ዓመት ሙሽራ በሠርግ ንግግር ላይ ማዋል ትልቅ ስህተት ነው፤ ለወንድ ደግሞ ጭራሽ አይባልም። መይ ሉን መይ ኋን የሕንፃ ነው፦ ግዝፈቱንና ውበቱን ያደንቃል። የሴት ቁንጅና፣ ምግብ ወይም ዘፈን በዚህ ሲወደስ የተማረ ቻይናዊ ፊቱን ያኮሳትራል።

የትሕትናውን ፈሊጥ ለሌላ ሰው መስጠት

አንዳንድ ፈሊጥ ተናጋሪው ስለ ራሱ ብቻ የሚለው ነው። ፓው ጇን ዪን ዩ «ጡብ ወርውሮ ጄድ ማስመጣት» ነው፦ የእኔ ሐሳብ ተራ ጡብ ነው፣ የእናንተ የከበረ ድንጋይ ይከተል እንደማለት። መድረክ መሪ ሆነው አንድ ፕሮፌሰር ንግግራቸውን ሲጨርሱ «ላደረጉልን ፓው ጇን ዪን ዩ እናመሰግናለን» ካሉ የፕሮፌሰሩን ንግግር ጡብ አሉት። ጻይ ሹ ሹዬ ቺየን («ችሎታው ያነሰ፣ ትምህርቱ ጥልቀት የሌለው») እንዲሁ የራስ ነው፤ ለሌላ ሲባል ስድብ ነው። ፐንግ ቢ ሸንግ ሁዌይ፣ ማለትም «ደሳሳ ጎጆዬ አበራች»፣ የባለቤቱ ቃል ነው። እንግዳ ሆኖ ሄዶ የሰው ቤት በዚህ ማድነቅ «ጎጆህ ደሳሳ ነው» ማለት ይሆናል።

በተቃራኒው ዲንግ ሊ ሺያንግ ጁ («በታላቅ ኃይል መርዳት») የሌላውን ዕርዳታ ብቻ ያከብራል። «በዲንግ ሊ እረዳሃለሁ» የሚል ሰው ራሱን አገነነ። ራስዎ ለመርዳት ቃል ሲገቡ «ጂን ሊ»፣ ማለትም «በአቅሜ»፣ ይበቃል።

ሰዋስው ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ፈሊጥ ላይ «ኸን» (በጣም) መጨመር የተለመደ ነው። ሺያው ሺን ዪ ዪ ራሱ «እጅግ በጥንቃቄ» ስለሆነ «ኸን ሺያው ሺን ዪ ዪ» ጆሮ ይቆረቁራል። ዳንግ ዉ ጅ ጂ ውስጥ «አሁን አስቸኳዩ ጉዳይ» የሚለው ሙሉ ሐሳብ አለ፤ ከፊቱ «ሙቺየን» (በአሁኑ ጊዜ) ማስገባት መድገም ነው። ረን ጁን ቡ ጂን «ሳቁን መቆጣጠር አቃተው» ማለት ስለሆነ ከኋላው «ሳቀ» አይቀጠልም። የመጨረሻው ፊደልም በአንደኛው ቶን እንጂ «መከልከል» በሚያሰኘው በአራተኛው አይነበብም።

ብዙ ፈሊጥ ደግሞ ከኋላው ተሳቢ አይቀበልም። ሞ ቡ ጓን ሺን (ደንታ የሌለው) ስንል «እሱ ሞ ቡ ጓን ሺን ሥራውን» ማለት አይቻልም። «ዱዌይ» የሚለው ቃል ተሳቢውን ወደ ፊት ያመጣል፦ «ታ ዱዌይ ጎንግዙዎ ሞ ቡ ጓን ሺን»፤ ለሥራው ደንታ የለውም። አዲስ ፈሊጥ ሲጽፉ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አብሮ መጻፍ ከማንኛውም የሰዋስው ማብራሪያ ይበልጣል።

ፊደል መለወጥም አይቻልም። ኋ ሸ ቲየን ዙ («እባብ ሥሎ እግር መጨመር») የተጠናቀቀ ሥራ በማያስፈልግ ነገር ለሚያበላሽ ሰው ይባላል። «ዙ» የጥንቱ የእግር ስም ነው፤ በዘመኑ «ጂያው» ቢተኩት ትርጉሙ ይገባል፣ ፈሊጡ ግን ይሞታል። ቶንም እንዲሁ፦ ዬ ጎንግ ሃው ሎንግ ውስጥ «ሃው» በአራተኛው ቶን «መውደድ» ነው፣ በሦስተኛው ከተነበበ «ጥሩ» ይሆናል። ታሪኩ ቤቱን በዘንዶ ሥዕል ሞልቶ እውነተኛው ዘንዶ ሲመጣ ደንግጦ ስለሸሸው ስለ ዬ መስፍን ነው፤ በአፉ ብቻ «እወዳለሁ» ለሚል ሰው ይባላል።

የአማርኛውን ምሳሌ አምጥቶ በቀጥታ መተካት

ዱዌይ ኒዩ ታን ቺን («ለላም በገና መደርደር») ሲመጣ አስተርጓሚ ወዲያው «ለአህያ ማር አይጥማት» ይላል። ጥሩ ቅርበት ነው፤ ግን የእኛው ነቀፋ በአህያዋ ላይ ብቻ ሲሆን የቻይንኛው በደርዳሪውም ላይ ሊያነጣጥር ይችላል፦ አድማጩን ሳይመርጥ የሚናገር ሰው እንደማለት። ማን እየተነቀፈ እንደሆነ ከንግግሩ ሳይለዩ አይተርጉሙ። «ሆደ ሰፊ»ን ለማለት ሲፈልጉም ሆድ የሚለውን ቃል አይፈልጉ፤ ኳን ሆንግ ዳ ሊያንግ ይበሉ፣ እሱ ቻይና ውስጥ ለይቅር ባይና ለታጋሽ ሰው የሚባለው ነው።

መዝገበ ቃላቱ የሚነግረውን ምልክት መዝለል

የቻይንኛ ለቻይንኛ መዝገበ ቃላት ከላይ የተባለውን ሁሉ በጥቂት ቃላት ያስቀምጣል። «ሺንግሮንግ» ካለ ፈሊጡ በቀጥታ ይገልጻል፣ «ቢዩ» ካለ ምሳሌያዊ ነው። «ዱዎ ዮንግ ዩ» («በአብዛኛው የሚውለው ለ…») የሚለው ቀጥሎ ለማን እንደሚባል ይናገራል። «ባውዪ» ምስጋና፣ «ቢየንዪ» ነቀፋ፣ «ቺየንጽ» የትሕትና ቃል፣ «ጂንግጽ» የአክብሮት ቃል ነው። በስልክ ላይ ያለ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት እነዚህን ብዙ ጊዜ ይጥላቸዋል፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። ቢያንስ ለሰው የሚናገሩትን ፈሊጥ በአንድ ቋንቋ መዝገብ ያረጋግጡ።

ቻይናውያን ራሳቸው ትርጉሙን የለወጡባቸው ፈሊጦችም አሉ። ኮንግ ሹዬ ላይ ፈንግ («ባዶ ጉድጓድ ነፋስ ይገባበታል») ጥንት «ወሬው መነሻ አለው» ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው «መሠረት የሌለው ወሬ» ለማለት ይጠቀምበታል። ሲሰሙት ዐውዱን ይዩ። ውል፣ የፍርድ ቤት ጽሑፍ ወይም መግለጫ ሲያስተረጉሙ ግን ፈሊጡን እንዳለ አያሳልፉ፤ ተናጋሪውን «ወሬው እውነት አለው ነው ወይስ ሐሰት ነው የሚሉት?» ብለው ጠይቀው በተራ ቃል ይተርጉሙት።